ቅዳሜ «ተቀብያለሁ» ያሉ ሰዎች እሑድ ለምን አይመጡም?

አጥቢያ_ወጣት (ጠያቂ)

ሰላም ቅዱሳን። አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ አጥቢያ የወጣቶች ወንጌል ሥርጭት ቡድን አስተባብራለሁ፤ 12 ነን። አሠራራችን እንዲህ ነው፦ ቅዳሜ ከሰዓት ጸልየን፣ አራት አራት ሆነን ታክሲ ተራ፣ መናፈሻና ኮሌጅ በር ላይ እንወጣለን። ትራክት (አጭር የወንጌል ጽሑፍ) እንሰጣለን፤ ፈቃደኛ የሆነውን ቆም አድርገን እንመሰክርለታለን። ጌታን ለመቀበል ከወሰነ የንስሐ ጸሎት እናስደግመዋለን፤ ስሙንና ስልኩን ፎርም ላይ ሞልተን ለቢሮ እናስረክባለን። ፎርሙ በየሳምንቱ ይሞላል። እሑድ የሚመጣ ግን የለም ማለት ይቻላል። ሲደወልላቸው ገሚሱ አያነሳም፤ የሚያነሳውም «እሺ፣ እመጣለሁ» ብሎ ይቀራል።

ሁለተኛው ጥያቄ ከቡድኑ ውስጥ የመጣ ነው። «ሰው ሁሉ የየራሱ እምነት አለው፤ እኛ ለምን እንሄዳለን? ሰው ማስቸገር አይሆንም ወይ?» የሚሉ አሉ። ከልባቸው ነው የሚጠይቁት፣ መልስም ይገባቸዋል።

ሥራውን የምታውቁ ችግሩ የቱ ጋ እንደሆነና ምን መለወጥ እንዳለብን በዝርዝር ብትነግሩን። ተባረኩ።

ቤት_ለቤት

ወንድሜ፣ ከሁለተኛው ጥያቄ ልጀምር፤ የመጀመሪያው መልስ እዚያው ውስጥ አለና።

ማቴዎስ 28፡19ን አብዛኛው ቡድን በቃሉ ይዞታል። እዚያ የታዘዝነው ደቀ መዛሙርት ማድረግን ነው፤ ማጥመቅ አለበት፣ «ያዘዝኋችሁን ሁሉ እንዲጠብቁ» ማስተማር አለበት። ይህ በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ ሥራ አይደለም። ጳውሎስ ደግሞ በ2ኛ ቆሮንቶስ 5፡14 ለምን እንደሚሮጥ ሲናገር የክርስቶስ ፍቅር ግድ እንደሚለው ይናገራል። ለወጣቶቹ እንዲህ ብላችሁ ንገሯቸው፦ የምንሄደው ያ ሰው እምነት የሌለው ስለሆነ አይደለም። ክርስቶስ ለእርሱም ሞቶ ስለተነሣ፣ ይህን በሚገባው መንገድ ሰምቶ፣ አስቦበት፣ እሺ ወይም እምቢ ማለት ስለሚችል ነው። እምቢታውን ማክበር ያልቻለ ሰው ገና ለመውጣት አልደረሰም። 1ኛ ጴጥሮስ 3፡15ም መልስ ስጡ ሲል በየዋህነትና በፍርሃት እንዲሆን ያዝዛል።

አሁን ወደ አሠራሩ። የእናንተ ሥራ የሚሰናከለው ገና መንገድ ላይ ነው፤ ስልኩ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። አራት ሰው አንድ ተማሪ ከብቦ ሲቆም፣ ልጁ ጨዋ ከሆነ ይሉኝታ ይይዘዋል። ትራክቱን ይቀበላል፤ ራሱን ይነቀንቃል፤ «ተከተለኝ» ሲባል ይደግማል፤ ስልኩን ሲጠየቅ ይሰጣል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው እናንተን ላለማሳፈር ነው። እናንተ ውሳኔ ብላችሁ ትመዘግባላችሁ፤ እርሱ ደግሞ ነገሩ በሰላም አለቀ ብሎ ይሄዳል። ጉዳቱ እዚህ ላይ አያበቃም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሰው ሲመጣበት «ሰምቼዋለሁ፣ ጸልያለሁ» ብሎ በሩን ይዘጋል።

ስለዚህ አራት አራት መሆኑን ተዉት። ሉቃስ 10፡1 ላይ ጌታ የላካቸው ሁለት ሁለት አድርጎ ነው። ወንድ ለወንድ፣ ሴት ለሴት ይሁን። አንዱ ያወራል፤ ሁለተኛው በልቡ ይጸልያል፣ አያቋርጥም፣ የሰውየውን ፊትም ያያል። ሰዓቱን ካየ፣ እግሩን ካዞረ ወይም «እሺ እሺ» ማብዛት ከጀመረ፣ ዝም ያለው ሰው «ጊዜህን ወሰድንብህ» ብሎ ንግግሩን ይዘጋል። ይህ ሁለተኛ ሰው ከሌለ ተናጋሪው ማቆም አይችልም፤ ጀማሪ ሁሉ በራሱ ንግግር ይወሰዳል።

በመጀመሪያው ቀን የንስሐ ጸሎት አታስደግሙ። ሰውየው ራሱ መጸለይ እፈልጋለሁ ካለ፣ በራሱ አፍ ይጸልይ፤ እናንተ ከጎኑ ሁኑ። ከዚያ በፊት ግን «እስካሁን ካወራነው ምን ገባህ? በራስህ አነጋገር ንገረኝ» በሉት። «ጥሩ ሰው መሆን አለብኝ» ካለ ወንጌሉ ገና አልገባውም ማለት ነው። «ክርስቶስ የእኔን ዕዳ ከፍሎ ተነሥቷል፤ እኔ ማመን ነው ያለብኝ» ወደሚለው ከተጠጋ፣ ቀጠሮ ለመያዝ የሚያበቃ ነገር አለ።

የሐዋርያት ሥራ 8፡26-40ን ሙሉ ቡድኑ አንድ ላይ ያንብበው፤ ከአገራችን ጋር የተያያዘም ታሪክ ነው። ፊልጶስ ወደ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ሠረገላ ሮጦ ሲደርስ አስቀድሞ ሰማ፤ ሰውየው ኢሳይያስን እያነበበ ነበር። አፉን የከፈተው በጥያቄ ነው፦ «በውኑ የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ጃንደረባው ራሱ ወጥቶ ከእርሱ ጋር እንዲቀመጥ ለመነው። ፊልጶስም የጀመረው ሰውየው ከያዘው ክፍል ነው፤ የራሱን ርእስ ይዞ አልመጣም። ስለ ጥምቀት ደግሞ ቀድሞ ያነሣው ጃንደረባው ነው፦ «እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?» እያንዳንዱን እርምጃ ከእናንተ አሠራር ጋር አስተያዩት።

ቦታና ሰዓትም ለውጡ። ታክሲ ተራ ላይ ያለ ሰው ወደ ቤቱ የሚሮጥ ነው፤ ከአጥቢያችሁ ሦስት ታክሲ ርቆ የሚኖር ሊሆንም ይችላል፤ እሑድ አይመጣም። በእግር ወይም በአንድ ታክሲ የሚደረስበት ሰፈር ላይ አተኩሩ፤ በየሳምንቱ እዚያው ሰፈር ተመላለሱ። ሥራ ላይ ያለ ሰው፣ ሱቅ ጠባቂም ሆነ ሊስትሮ፣ ደንበኛውን አሳልፎ አይስማችሁ። ጫማውን እያስጠረገ የሚሰብክ ሰው ከፍሎ፣ አመስግኖ፣ ሌላ ሰዓት ቢጠይቅ ይሻላል።

ሁለተኛው ስብራት ርክክቡ ነው። ቅዳሜ ያወራችው ልጅ ሌላ፣ ማክሰኞ ከቢሮ የሚደውለው ሌላ። የማያውቁት ቁጥር «ከቤተ ክርስቲያን ነው» ሲል ማን ያነሳል? ያወራው ሰው ራሱ በ48 ሰዓት ውስጥ ይደውል፤ ጥሪው ከሁለት ደቂቃ አይለፍ፤ በስልክ ስብከት አይሁን። «ረቡዕ አሥራ አንድ ተኩል ላይ እዚያው ሻይ ቤት ልምጣ?» የሚል ቁርጥ ያለ ቀጠሮ ይበቃል። «ፕሮግራም ላይ ና» ማለት ቀጠሮ አይባልም።

ሦስተኛው፣ ከአቅማችሁ በላይ ነው የምትሰበስቡት። 12 ሰው ስድስት ጥንድ ነው። ሥራና ትምህርት ያለበት ጥንድ በአንድ ጊዜ ከሁለት፣ ቢበዛ ከሦስት ሰው በላይ በትክክል መከታተል አይችልም። ስለዚህ ቡድናችሁ የሚይዘው ከ12 እስከ 18 ሰው ነው። እዚያ ከደረሳችሁ አዲስ ሰው መፈለግ አቁሙ፤ ቅዳሜዎቹን ለክትትል ስጧቸው።

በክትትሉ ጊዜ የማርቆስን ወንጌል አብራችሁ አንብቡ። አጭር ነው፣ 16 ምዕራፍ፤ ለስምንት ሳምንት እነዚህን ክፍሎች መያዝ ይቻላል፦ 1፡14-28፣ 2፡1-12፣ 4፡35-41፣ 5፡21-34፣ 8፡27-38፣ 10፡17-31፣ 14፡32 እስከ 15፡39፣ 16፡1-8። አንድ ሰዓት ይበቃል፦ አሥር ደቂቃ የሳምንቱ ጨዋታ፣ ክፍሉን ሁለቴ ማንበብ (አንዴ እናንተ፣ አንዴ እርሱ)፣ ግማሽ ሰዓት ውይይት፣ ቀሪው ጸሎት። ጥያቄዎቹ ሁልጊዜ ያው አራት ይሁኑ፦ ምን ሆነ? ኢየሱስ ምን ዓይነት ነው? ስለ ሰው ምን ይናገራል? ይህን ሳምንት ምን አደርጋለሁ?

ለምሳሌ 2፡1-12 ላይ አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው፣ ጣሪያ ነድለው አወረዱት። የመጣው ለእግሩ ነው፤ ኢየሱስ ግን መጀመሪያ «ኃጢአትህ ተሰረየችልህ» አለው። እዚህ ላይ «ለምን ከእግሩ አልጀመረም?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። እስከ አንድ ደቂቃ ዝም ማለት ይከብዳል፤ ጀማሪ መሪ በአምስተኛው ሰከንድ ራሱ ይመልሳል፣ ከዚያ በኋላ ሰውየው ማሰቡን ይተዋል። የተሳሳተ መልስ ከሰጠ አታርሙት፤ «የቱ ቁጥር ላይ አገኘኸው?» በሉት፤ ተመልሶ ያነባል። ከቁጥር 6 እስከ 11 ያለው ክርክር ራሱ መልሱን ያወጣለታል።

እሑድ ፕሮግራም ላይ መጋበዝ ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ሳምንት በኋላ ይሁን፤ ያኔም በር ላይ የሚጠብቀው፣ አጠገቡ የሚቀመጠው ያው ሰው ይሁን። ከዚያ በፊት ትንሽ የቤት ኅብረት ይሻላል።

ዘሰንበት_ት/ቤት

ሰላመ እግዚአብሔር አይለያችሁ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጅ ነኝ፤ ጥያቄው ስለሚመለከተን በቅንነት ጥቂት ልበል።

አዲስ አበባ ላይ ከምታገኟቸው ብዙዎቹ በ40 እና በ80 ቀናቸው የተጠመቁ፣ ማተብ ያሰሩ፣ ረቡዕና ዓርብን፣ የ55 ቀኑን ዐቢይ ጾም የሚጾሙ ናቸው። እነርሱን ስለ ክርስቶስ ፈጽሞ ሰምተው እንደማያውቁ አድርጎ ማናገር እናታቸውን መስደብ ሆኖ ይሰማቸዋል። መንገድ ላይ ስለ ታቦት፣ ስለ ሥዕል፣ ስለ ቅዱሳን አማላጅነት ክርክር መክፈትም ሰውን ያቆስላል እንጂ ማንንም አያስተምርም። ቤተ ክርስቲያኑን የራቀ ሰው ካገኛችሁና «የንስሐ አባትህን አግኝተሃል ወይ?» ብትሉት፣ ለነፍሱ እንደምታስቡ ያያል። ይህን ሁላችሁም እንደማትቀበሉት አውቃለሁ፤ እኔ ግን መባል ያለበት ይመስለኛል።

ሌላው፣ «ደቀ መዝሙር ማድረግ በአንድ ቀን አያልቅም» የተባለው በእኛም ዘንድ በብዙ ድካም የታወቀ ነው። በደቡብና በምዕራብ ጠረፍ አካባቢ ያልተጠመቁ ወገኖችን ለማስተማር ሲወጣ ሥራው የሚጀምረው ሰባኪ ከማሠልጠን ነው፤ ሰባኪው የዚያው ማኅበረሰብ ልጅ፣ ቋንቋውን አፉን የፈታበት መሆን አለበት። የሚማሩት ንዑሰ ክርስቲያን ይባላሉ። ጸሎተ ሃይማኖትን፣ አምስቱን አዕማደ ምሥጢር (ሥላሴን፣ ሥጋዌን፣ ጥምቀትን፣ ቁርባንንና ትንሣኤ ሙታንን) በየደረጃው ይማራሉ፤ ከዚያ የክርስትና አባትና እናት ተሰጥቷቸው ይጠመቃሉ።

የሚበላሸው የት ነው? ብዙ ሕዝብ በአንድ ቀን ተጠምቆ አጥማቂዎቹ ወደ ከተማ ሲመለሱ። ቅዳሴ ቢያንስ አምስት ልዑካን ይፈልጋል፣ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት። እነርሱን የሚያኖር፣ በእግር የሚደረስበት ቤተ ክርስቲያን ከሌለ የተጠመቀው ሰው የት ይቆርባል? ልጁን ማን ያጠምቅለታል? ሬሳውን ማን ይፈታለታል? በጭንቅ ቀን ወደ ቀድሞው ልማዱ ቢመለስ አይፈረድበትም። ስለዚህ ጉዞ ከመታሰቡ በፊት ልዑካኑ ከየት እንደሚመጡ፣ ከአካባቢው ወጣቶች እነማን ለዲቁና እንደሚማሩ፣ መተዳደሪያቸው ከየት እንደሚሆን ተጽፎ መቀመጥ አለበት። እናንተም ሰው ከማናገራችሁ በፊት ነገ ማን እንደሚይዘው ወስኑ።

ቤት_ለቤት

ወንድሜ ዘሰንበት ት/ቤት፣ ስለ ቅን አነጋገርህ አመሰግናለሁ። በሁሉም ነገር አንስማማም፤ እኔ ማንም ሰው፣ የተጠመቀም ቢሆን፣ ስለ ክርስቶስ ሲጠይቀኝ የማምነውን እነግረዋለሁ። ክርክር አለመክፈት ላይ ግን ሙሉ በሙሉ ከአንተ ጋር ነኝ፤ አጥቢያ_ወጣትም በቡድኑ ደንብ ውስጥ ይጻፈው፦ የሌላውን ቤተ እምነት ስም በክፉ ማንሣት ክልክል ነው። ረቡዕና ዓርብ የምትጋብዙት ማኪያቶ ሳይሆን ጥቁር ሻይ ይሁን፤ ትንሽ ነገር ነው፣ ግን ሰውየው እንዳሰባችሁለት ያያል።

ጎረቤት

ስለ ሙስሊም ወዳጆቻችን ማንም ስላላነሣ ልጨምር። እዚህ ላይ መንገድ ላይ ማቆም ጭራሽ አይሠራም፤ ጉርብትና ነው የሚሠራው፣ ጉርብትናውም እውነተኛ መሆን አለበት። ሰውየው ምንም ባያምን እንኳ ጎረቤትነታችሁ የሚቀጥል ካልሆነ አትጀምሩት።

ቤታችሁ ከጠራችሁ እናንተ ያረዳችሁትን ሥጋ እንደማይበላ አትርሱ። ሽሮ፣ ምስር፣ አትክልት፣ ዓሣ አቅርቡ፤ ድስቱም ቢቻል አዲስ ወይም ለጾም ብቻ የሚያገለግል ይሁን፤ ይህንንም ሳይጠየቅ ንገሩት፣ አፍሮ እንዳይቀመጥ። በረመዳን ቀን ላይ ቡና አትጥሩት። መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ወለል ላይ አታስቀምጡ፣ ሌላ ነገርም ከላዩ አትጫኑ፤ ለቅዱስ መጽሐፍ ያላችሁን አክብሮት ከዚያ ነው የሚያነበው።

በሥላሴ ምሥጢር ላይ በሚነሣ ክርክር አትጀምሩ፤ ስለ ነቢያቸው ክፉ ቃል ከአፋችሁ አይውጣ። ሉቃስ 15 ላይ ያለውን የጠፋውን ልጅ ታሪክ በቃላችሁ ተርኩለት፤ በእኛ አገር ልጅ አባቱ ሳይሞት ውርስ ሲጠይቅ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። ከዚያ «አንተ አባትየውን ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» በሉት። ጥያቄ ካመጣ የምታውቁትን መልሱ፣ የማታውቁትን «ጠይቄ እነግርሃለሁ» በሉ፤ ነግራችሁም ተመለሱ።

ያመነ እንደሆነ አደራ፣ መድረክ ላይ አታውጡት፣ ፎቶውን አትለጥፉ፣ ስሙን በጸሎት ግሩፕ ላይ አትጻፉ። ከቤቱ እንዲወጣ አትግፉት። ለማን፣ መቼ እንደሚናገር የሚወስነው ራሱ ነው። ቸኩሎ የተነገረ ነገር ቤተሰብ፣ ሥራ፣ አንዳንዴም ትዳር ያሳጣል፤ ያ ቀን ሲመጣ ደግሞ ጭብጨባውን ያጨበጨበው ሁሉ አይገኝም።

ሁለት ነገር ፈጽሞ አታድርጉ። ዕርዳታን ከስብከት ጋር አታቀላቅሉ፤ ዱቄት በተሰጠበት ቀን ትራክት አይሰጥ። የተቸገረ ሰው እሺ ሲላችሁ ለዱቄቱ ይሁን ለወንጌሉ እናንተም እርሱም አታውቁም። ሕፃናትንም ወላጆቻቸው ሳያውቁ አትሰብስቡ፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 የእምነት ነጻነትን ሲደነግግ ማስገደድን ይከለክላል፣ ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው የማሳደግ መብት እንዳላቸውም ይደነግጋል።

የታሪክ_ተማሪ

«በ18 ሰው መወሰን ያንሳል፣ ሥራው ይዘገያል» የሚል ካለ የአገራችንን ታሪክ ይመልከት።

የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች ወላይታ የደረሱት በ1920 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን ሲወር በ1929 ዓ.ም. ሲወጡ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ነበሩ። በእጃቸው የነበረው በወላይትኛ የተተረጎመ የማርቆስ ወንጌልና ጥቂት ሌላ ክፍል ነው፤ ማንበብ የሚችለውም ጥቂት ሰው ነበር። ከነጻነት በኋላ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ያገኙት ወደ 10,000 የሚገመት አማኝ ነው። በመሐል እስራትና ግርፋት ነበር። ሥራው የተሠራው አንዱ ለዘመዱ፣ ዘመድ ለጎረቤት፣ ጎረቤት ወደ ሌላ ወረዳ ሲሄድ ነው።

መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ደግሞ ደርግ በ1974 ዓ.ም. ሲዘጋት አባሎቿ 5,000 አካባቢ ነበሩ። ሕንፃዎቹ ተወረሱ፤ መሪዎች ታሰሩ፤ ሕዝቡ በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ መሰብሰብ ጀመረ። ደርግ በወደቀበት በ1983 ዓ.ም. ከ30,000 በላይ ሆነው ተገኙ። መድረክ አልነበራቸውም፣ ትራክትም በይፋ ማደል አይታሰብም ነበር። የነበራቸው ትንሽ ክፍል፣ ቃሉ፣ ለእያንዳንዱ ሰው በስሙ የሚጸልይ ኅብረት ነው።

የቋንቋውን ነገርም አትለፉት። ኦነሲሞስ ነሲብ አስቴር ገኖን ከመሳሰሉ ረዳቶች ጋር ደክሞ ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ በ1899 እ.ኤ.አ. ያሳተመው፣ ሰው በእናቱ ቋንቋ ሲሰማ ልቡ እንደሚከፈት ስላወቀ ነው። ቡድናችሁ ውስጥ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ጉራጊኛ፣ ወላይትኛ የሚናገር ማን እንደሆነ መዝግቡ። ሰውየው አማርኛ ስለሚችል ብቻ በአማርኛ አትቀጥሉ፤ የሚጸልየው በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ጠይቁት። የኢትዮጵያ መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በተለያዩ የአገር ውስጥ ቋንቋዎች ስለሚያሳትም፣ እርሱ ባለው ቋንቋ ፈልጋችሁ ስጡት።

አጥቢያ_ወጣት (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ሁላችሁንም ይባርክ። ጥንድ ጥንዱን፣ የሰፈሩን ነገርና የማርቆስን ጥናት ለሽማግሌዎች አቀርባለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ልጆቹ የራሳቸውን ምስክርነት ሲናገሩ ግማሽ ሰዓት ይፈጃሉ፤ እንዴት ይጠር? ሁለተኛ፣ ቢሮ የተከማቹትን የድሮ ፎርሞች ምን እናድርጋቸው?

ቤት_ለቤት

ለምስክርነቱ ሐዋርያት ሥራ 26ን ተጠቀሙ። ጳውሎስ በአግሪጳ ፊት ያለፈውን ሕይወቱን ከቁጥር 4 እስከ 11፣ ጌታ እንዴት እንዳገኘው ከ12 እስከ 18፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን ከ19 እስከ 23 ይናገራል። እያንዳንዱ ልጅ በዚህ ቅርጽ አንድ ገጽ ይጻፍ፤ ጮክ ብሎ ሲነበብ ከሦስት ደቂቃ አይለፍ። ከዚያ ወረቀቱን አስቀምጦ በቃሉ ለጓደኛው ይንገር፤ ጓደኛው ሰዓት ይይዛል።

ሲጽፉ ሁለት ጥፋት ይደጋገማል። አንዱ የቀድሞውን ኃጢአት መዘርዘር ነው፤ ሰሚው ያንን ይዞ ይሄዳል፣ ክርስቶስን አይዝም። የፊተኛው ክፍል ከሦስት ዓረፍተ ነገር አይብለጥ። ሌላው ከዳንኩ ወዲህ ችግር የለብኝም ማለት ነው፤ እውነት አይደለም፣ ሰሚውም አያምንም። «አሁንም ይህ ይከብደኛል፤ ብቻዬን ግን አይደለሁም» ቢሉ ይሻላል። በቤተ ክርስቲያን ያደገ ልጅ «የምናገረው የለኝም» ካለ፣ የወላጆቹ እምነት የራሱ የሆነበትን ጊዜ ይናገር፤ ሌላ ሰው የሌለውን ታሪክ አይዋስ። መጨረሻው ጥያቄ ይሁን፦ «አንተስ ስለዚህ ነገር አስበህ ታውቃለህ?»

ፎርሞቹን በተመለከተ፣ ያወራው ሰው አሁንም ቡድኑ ውስጥ ካለ፣ እርሱ ራሱ አንድ ጊዜ ይደውል። «ያኔ መንገድ ላይ ቸኩለን አወራን፤ ከፈለግህ ተረጋግተን ብናወራ ደስ ይለኛል፤ ካልፈለግህም ቁጥርህን አጠፋለሁ» ይበል። ይህን መስማት ብዙ ሰው ያሳርፋል። ሁለት ጊዜ ያላነሳውን ተዉት። የተረፈውን ፎርም ቀዳችሁ አስወግዱ፤ የሰው ስልክ ከእምነት ምርጫው ጋር ተጽፎ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ የለበትም። በአዲሱ መዝገባችሁ «የወሰኑ» የሚለውን ዓምድ አውጡትና እነዚህን አስገቡ፦ ሁለተኛ ጊዜ የተገናኘ፣ አራተኛ ጊዜ የደረሰ፣ ብቻውን ማንበብ የጀመረ፣ የጥምቀት ትምህርት የገባ። ቁጥሩ በጣም ያንሳል፤ ለሽማግሌዎች ለምን እንዳነሰ አስቀድማችሁ አስረዱ።

ከባሕረ_ሰላጤው

ውይይቱን በዓረብ አገር ላለነውም ስለሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። ቡድናችሁ ያገኛት ልጅ ከወር በኋላ ዱባይ ወይም ኩዌት ልትሄድ ትችላለች፤ ክትትሉ በስልክ መቀጠል አለበት፣ ሕጉ ግን ከአገር ቤት የተለየ ነው። ኤምሬትስ ውስጥ ለሙስሊም ሌላ እምነት መስበክ በሕግ የተከለከለ ነው፤ አብያተ ክርስቲያናት የሚሰበሰቡት ለዚሁ በተፈቀደላቸው ግቢ ነው፣ ዱባይ ላይ እንደ ዑድ ሜታና ጀበል ዓሊ። ሳዑዲ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የለም። ስለዚህ እህታችሁን «ለማዳሞችሽ መስክሪ» ብላችሁ አትላኳት። በተለይ ለአሠሪዎቿ ልጆች ስለ እምነት አንድም ቃል አታውራ፤ በሰው ቤት የምትኖር፣ ፓስፖርቷ ብዙ ጊዜ በአሠሪዋ እጅ ያለ ልጅ ናት፤ የሚደርስባትን እናንተ እዚያ ሆናችሁ አትካፈሉላትም። እዚያ የሚታይ ምስክርነቷ ታማኝነቷ ነው፤ የምታወራው ከአገሯ ልጆች ጋር፣ በአማርኛ፣ በእረፍት ቀኗ ነው፣ እረፍት ከተሰጣት።

ከመሄዷ በፊት የማርቆስን ወንጌል በድምፅ ስልኳ ላይ ጫኑላት፤ ኢንተርኔት ላይኖራት ስለሚችል ፋይሉ ስልኩ ውስጥ ይቀመጥ። አንድ ሴት ብቻ፣ ያወራቻት ራሷ፣ ትከታተላት፤ ትልቅ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አታስገቧት፣ ስሟና ያለችበት ቤት ለማያውቋት ሰዎች ይታያል። የምትደውሉበትን ሰዓት እርሷ ትምረጥ፤ ብዙ ጊዜ ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው። የድምፅ መልእክት ስትልኩ ከሦስት ደቂቃ አይብለጥ፤ በአንዱ መልእክት አንድ ክፍልና አንድ ጥያቄ ብቻ ይኑር፤ ልብስ እየተኮሰች በአንድ ጆሮዋ ነው የምትሰማው፣ መልሱንም በሦስተኛው ቀን ልትልክ ትችላለች።